ዝንብና ሽሪምፕ የሥጋ ዘመድ ናቸው

መልክ መመሳሰል ዝምድና እንዳልሆነ አያቶች ጠንቅቃችሁ ታውቃላችሁ። ልጆች ሊጋቡ ሲሉ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለዚሁ ነው። ሳይንቲስቶችም በባሕር እንስሳት ላይ የዘር ቆጠራ አካሂደዋል፤ ውጤቱ እስከ ልጆቻችን ገበታ ድረስ ይመጣል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ መጽሐፋችን ሸርጣን፣ ሎብስተርና ሽሪምፕን «ክሩስታሺያ» በሚባል ምድብ ያስቀምጥ ነበር። ዝንብ፣ ንብና አንበጣ ደግሞ ከመቶ እግር ጋር ይጎራበታሉ። ምክንያቱም ሽሪምፕ አራት አንቴና አለው፤ የሚተነፍሰውም በስንጥብ ነው። ነፍሳትና መቶ እግር ግን ሁለት ሁለት አንቴና አላቸው፤ አየርም የሚያስገቡት በሰውነታቸው ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የ75 ዝርያዎችን 62 ዘረ መሎች አነጻጸረ። ነፍሳት ከመቶ እግር ይልቅ ለክሩስታሺያ እንደሚቀርቡ፣ እንዲያውም ከዚያው ቤት የወጡ እንደሆኑ ታየ። የአየር ቱቦውን ነፍሳትና መቶ እግር ያፈሩት በየፊናቸው ነው፤ ሁለቱም ከውኃ ወጥተው በየብስ መኖር ነበረባቸውና።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ለነፍሳት እጅግ የሚቀርበው ሬሚፒድ የተባለው ፍጡር መሆኑን ያሳያሉ። ይህ እንስሳ በ1979 በባሃማስ፣ ውኃ በሞላው ዋሻ ውስጥ ተገኘ። ዓይን የለውም፤ የሚዋኘውም በጀርባው ተንጋሎ ነው።

ነገሩ ለእኔ ከወሬ ያለፈ ነው። ጀርመን የምትኖረው የልጄ ልጅ የሽሪምፕ አለርጂ አለባት። ብዙ ጊዜ አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ትሮፖማዮሲን የተባለ የጡንቻ ፕሮቲን ነው፤ የነፍሳቱም ትሮፖማዮሲን ከሽሪምፑ ጋር በጣም ይመሳሰላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የጥንዚዛ እጭና አንበጣ ለምግብነት ተፈቅደዋል፤ ተፈጭተው ዳቦና ብስኩት ውስጥ ስለሚገቡ በዓይን አይለዩም።

ሽሪምፕ የማይስማማው ሰው ሁሉ በነፍሳት ይታመማል ማለት አይደለም። ቢሆንም ጥንቃቄው ቀላል ነው። የኅብረቱ ሕግ እንዲህ ያለው ምግብ ማሸጊያ ላይ የአለርጂ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ስለዚህ የሽሪምፕ ወይም የሸርጣን አለርጂ ያለበት ልጅ ካላችሁ ጽሑፉን አንብቡ፤ ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቅምሱት። ለሞግዚትም፣ ለመምህርም፣ ለአያትም ንገሩ። ልጁ ራሱ ማንበብ ሲጀምር ደግሞ የትኛውን ቃል መፈለግ እንዳለበት አሳዩት።