የጋዝ ሴንሰር ሐሰት ሲመሰክር

የኤሌክትሮኒክስ ጥበብ ለመማር የተነሣ ወጣት አርዱዊኖ ኡኖ በተባለው ሰሌዳ ላይ ኤም ኪው 2 የተሰኘውን የጋዝ ሴንሰር አያይዞ፣ ቡታጋዝ ሲያፈስ ደወል የሚያሰማ መሣሪያ ሲሠራ፣ አየሩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ቢያሻቅብበት፣ ወይም ጋዙ ለአፍንጫ እየሸተተ ቁጥሩ ንቅንቅ አልል ቢለው፣ አስቀድሞ የሚጠረጥረው የጻፈውን ኮድ ነው። እኔ ግን ምርመራው ከሙቀቱ መጀመር አለበት እላለሁ፤ የዚህ ሴንሰር ህላዌ በሙቀት ላይ የቆመ ነውና።

በብረቱ ወንፊት ሥር ቲን ዳይኦክሳይድ የተለበጠች ትንሽ የሴራሚክ ቱቦ አለች፤ በውስጧም የማሞቂያ ሽቦ ያልፋል። ገላዋ በጋለ ጊዜ የአየሩ ኦክሲጅን በገጿ ላይ ተጣብቆ ኤሌክትሮኖችን ስለሚይዝ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያልፍባትም፤ ተቀጣጣይ ጋዝ ሲደርስ ግን ከኦክሲጅኑ ጋር ተዋሕዶ ስለሚያስወግደው የተያዙት ኤሌክትሮኖች አርነት ይወጣሉ፣ የመንገዱም መሰናክል ይቀንሳል፤ ከእርሷ ጋር በተያያዘው ሬዚስተር ላይ ያለው ቮልቴጅም ከፍ ሲል፣ የሰሌዳው ማይክሮኮንትሮለር ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ይተረጉመዋል። ይህ ሁሉ ምሥጢር ሳትግል አይፈጸምም።

ማሞቂያው በ5 ቮልት ሲሠራ 150 ሚሊ አምፔር ያህል ይፈልጋል፤ የኡኖው አንድ የመውጫ እግር ግን ቢበዛ 40 ሚሊ አምፔር፣ የ3.3 ቮልቱም መውጫ 50 ብቻ ነው የሚችለው። ስለዚህ ኃይሉን ከእነዚህ የሳበ ሰው ሴንሰሩን በብርድ አስቀምጦ እንዲመሰክር የሚያስገድድ ነው። መሣሪያው እየሠራ ሳለ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች ሴንሰሩን በያዘው ሞጁል ቪሲሲና ግራውንድ በተባሉት እግሮች ላይ ማሳረፍ፣ የሚነበበውም ከ5 ቮልት እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ የኃይሉን ምንጭ መለወጥ ይገባል። ኃይሉ ተቋርጦ በማሞቂያው ሁለት እግሮች መካከል ሲለካ ደግሞ 30 ኦም አካባቢ ሊነበብ ይገባል፤ መልቲሜትሩ ምንም መንገድ የለም ካለ፣ ሽቦው ተበጥሷልና ሴንሰሩን መቀየር ነው።

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ፣ አዲስ ሴንሰርም አስቀድሞ ከ24 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ሊሞቅ ይገባዋል፤ ከዚያ በፊት የሚታየው የቁጥር መዋዠቅ እንደ ብልሽት ሊቆጠር አይገባም።

ሙቀቱ ደኅና ከሆነ ወደ ሽቦዎቹ እንሻገር። ሴንሰሩ ከሌላ የኃይል ምንጭ ሲመገብ የሁለቱ ግራውንድ ካልተገናኘ፣ ወይም የምልክቱ ሽቦ ከቦታው ከወጣ፣ የሰሌዳው የምልክት መግቢያ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የመጣለትን ቁጥር ያወጣል። በብዙ ሞጁሎች ዲ 0 የተባለው መውጫ ጋዝ ሲገኝ ወደ ዜሮ የሚወርድ ስለ ሆነ፣ ደወሉ በተገላቢጦሽ ሲጮኽ ኮዱን በእውነት መመርመር ያን ጊዜ ነው። በኡኖው ፈንታ ኢ ኤስ ፒ 32 የተባለውን ሰሌዳ የያዘ ሰው ደግሞ፣ እግሮቹ ከ3.3 ቮልት በላይ ስለማይችሉ፣ ምልክቱን በሁለት ሬዚስተሮች ከፍሎ ያሳንሰው።

የቡታጋዝ ሲሊንደር ጋዝ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ሴንሰሩን ከጣሪያ ሥር መስቀል ስሕተት ነው፤ ወደ ወለሉ ቀረብ ይደረግ።

ከቡታጋዙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የከሰል ጉዳይ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ለእርሱ የተሠራው ኤም ኪው 7 የተባለው ሴንሰር በትክክል እንዲለካ ማሞቂያው 60 ሴኮንድ በ5 ቮልት፣ 90 ሴኮንድ በ1.4 ቮልት እየተፈራረቀ መሥራት አለበት፤ ርካሹ ሞጁል ግን ያለማቋረጥ 5 ቮልት ይሰጠዋልና ቁጥሩ አይታመንም። ስለዚህ ወጣቶቻችን ይህን ሰርኪዩት ለትምህርት ይሥሩት፣ ይመርምሩት፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ግን ከሰሉን ወደ ውጭ ያውጡ፣ ለነፍስ ጥበቃም በደረጃ መሠረት የተፈተነ ማስጠንቀቂያ ይግዙ እንጂ በዚህ አይተማመኑ።