በቃል የተጫነ አገር

ጋይንት ቤተ ልሔም ሌሊት የሚሰማው ዜማ ከመጽሐፍ የሚነበብ አይደለም። መብራት የለም። የኔታ በጨለማ ያዜማሉ፣ ተማሪው በጨለማ ይቀበላል። ቀን ቁራሹን ለምኖ ይመለስና ብራናውን ዘርግቶ የዜማ መጽሐፉን፣ ድጓውን፣ ለራሱ ይጽፋል። ድጓ አስመስክሮ መምህር ሊባል የፈለገ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ መጨረሻው ይህ ደብር ነው። በዚሁ በጋይንት ምድር ዝማሬና መዋሥዕት ለሚባሉት ዜማዎች ደግሞ ዙር አምባ አለ። እውቀት በሰው ጉሮሮ ውስጥ አድሮ ዘመን ሲሻገር እዚህ ያየ ሰው፣ ሶማሌዎችን ለማወቅ የመንገዱን እኩሌታ ጨርሷል ብዬ አምናለሁ።

የሶማሌ ሕዝብ አገር በአንድ ድንበር ተከልሎ አይገኝም። ጅቡቲን፣ ሐርጌሳን፣ ሞቃዲሾን፣ የኬንያን ሰሜን ምሥራቅ ይነካል፤ በእኛ በኩል ጅግጅጋን፣ ቀብሪደሃርን፣ ጎዴን ይዞ ከባሌ ደጋ የሚወርደውን ዋቢ ሸበሌን ተከትሎ ወደ ቆላው ይሰፋል። ለአርብቶ አደሩ ግን አገር ማለት ከካርታው ይልቅ ወቅቱና ውሃው ነው። በሚያዝያ ግድም የሚመጣው ትልቁ ዝናብ ጉ ይባላል፤ ያን ጊዜ ወተት ይትረፈረፋል፣ ሠርግ ይሠረጋል፣ ግጥም ይገጠማል። ሐጋ ደረቅ ነው። ደይር አጭሩ ዝናባቸው ነው፣ የሚጥለውም በእኛ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ከዚያ ጂላል ይመጣል፤ ኩሬው ይደርቃል፣ ግመሎቹ ወደ ሩቅ ጉድጓድ ይነዳሉ፣ ሰው የሚፈተነው በዚህ ወቅት ነው።

ቤታቸው አቃል ይባላል። የምትሠራውም የምታፈርሰውም ሴቷ ናት። የታጠፉ እንጨቶችን አቁማ በራሷ እጅ የተሠሩ ሰሌኖችን ታለብስበታለች። መንገድ ሲመጣ ያው ቤት ተፈትቶ በግመል ጀርባ ላይ ይጫናል። የወተት ዕቃቸው ከእፅዋት ጭረት የተሠራ ነው፤ ጥልፉ ከመጥበቁ የተነሣ ወተት አያንጠባጥብም። እኛ ቅሉን በወይራ እንደምናጥን እነሱም ያጥኑታል። ሰሌን ሲሠራ የሚዘፈን አለ፣ ግመል ሲጠጣ የሚዘፈን ሌላ አለ። ሴቶቹ ደግሞ ቡራንቡር የሚሉት የራሳቸው የግጥም ዓይነት አላቸው፤ ሠርግም ሐዘንም በእሱ ይነገራል።

ቤቱ እንዲህ በግመል የሚጫን ሕዝብ ከባድ መጽሐፍ አይሸከምም። ጽሕፈት አያውቅም ማለቴ ግን አይደለም። ልጆቹ ዱግሲ በሚባለው ቤት በእንጨት ሰሌዳ ላይ ቁርኣን ሲጽፉና ሲያጠኑ ኖረዋል፤ ሊቃውንቱም ዐረብኛ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። በቃል የቀረው የራሳቸው ቋንቋ፣ የሶማሊኛው ነገር ነው። ታሪኩ፣ የጎሳው ክርክር፣ የጉድጓዱ ባለቤትነት፣ የተፈጸመ በደልና የተገባ ዕርቅ የሚቀመጠው በግጥም ውስጥ ነበር። ከግጥሞቹም የሚከበረው ጋበይ የሚባለው ረጅሙ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 በዚያ ምድር ሲያልፍ የገጣሚው ብዛት አስደንቆት በመጽሐፉ ጽፏል።

የእኛ ግጥም ቤት የሚመታው በመጨረሻው ላይ ነው። የእነሱ በመጀመሪያው ይመታል። ገጣሚው አንድ ፊደል ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ በጋበዩ ውስጥ እያንዳንዱ የስንኝ ግማሽ በዚያ ፊደል የሚጀምር ቃል ሊኖረው ግድ ነው። መቶ ስንኝ ቢሆን እስከ መጨረሻው ያው ፊደል ነው። መልኩን ለማሳየት በአማርኛ ልሞክር፦

ግመሌ ውሃ ሲጠማት፣ ጉድጓዱን ቆፍሬ አጠጣኋት፤
ግጦሹ ሲያልቅባት ደግሞ፣ ጓዜን ጭኜ ተከተልኳት።

ግመሌ፣ ጉድጓዱን፣ ግጦሹ፣ ጓዜን፤ ሰንሰለቱ ይህ ነው። በዚህ ላይ የረጅምና የአጭር ድምፅ ልክ ይጨመርበታል፤ ልኩ ከተዛባ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ አይደለም። አንድ ቃል የረሳ ሰው የጠፋው ቃል በየትኛው ፊደል እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚረዝም ስለሚያውቅ ፈልጎ ያገኘዋል። በራሱ ቃል ልተካው ቢልም ፊደሉ አይፈቅድለትም።

ገጣሚና ያዥ ለየብቻ መሆናቸው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይማርከኛል። የሌላውን ግጥም በቃሉ የያዘ ሰው ሲያሰማ አስቀድሞ የማን እንደሆነ ይናገራል፣ ቀጥሎም ቃል ሳያጓድል ያወርደዋል። የሌላውን ግጥም የራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። ግጥም ግጥምን ይጠራል፤ አንዱ ይነካል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሦስተኛው ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓሊ ዱሕ የጀመረው፣ ቀማን ቡልሐንና ሰላን ዓረቤይ የመለሱበት ጉባ የተባለው ሰንሰለት ዋና ነገሩ የተነጠቀ ጉድጓድና ግመል ነበር፤ ቁስልን እየነካካ ብዙ ዓመት ዘልቋል። ቃል እንዲህ ደም ያፈላል። ሽማግሌዎች ሲያስታርቁም የሚይዙት ይህንኑ ቃል ነው።

ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ይህን ኃይል ከማንም በላይ ተጠቅሞበታል። ከ1899 እስከ 1920 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን፣ ጣልያንን፣ የእኛንም መንግሥት ሲዋጋ ግጥሙ ከጦሩ ቀድሞ ይደርስ ነበር። በ1913 የእንግሊዙ አዛዥ ኮርፊልድ በዱል መዶባ ሲወድቅ፣ ሰይድ ለሞተው ሰው በወዲያኛው ዓለም የሚናገረውን በግጥም አዘዘው። እንግሊዞች በ1920 መጀመሪያ ምሽጉን ታሌሕን በአውሮፕላን ደብድበው አባረሩት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በዋቢ ሸበሌ ዳር፣ በእኛው ኢሚ፣ አረፈ። ምሽጉ ፈረሰ፤ ግጥሞቹን ግን በቃል የያዟቸው ሰዎች አቆዩዋቸው።

ቤተ ልሔምና ሶማሌ የተገናኙበት አንድ መራራ ዘመንም አለ። ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. ደጋውን በወረረው በአሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ውስጥ የሶማሌ ጎሳዎች እንደነበሩ፣ ፉቱሕ አል-ሐበሻ የተባለው የዚያ ጦርነት ዜና መዋዕል ስማቸውን እየጠራ ይመሰክራል። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሊቃውንት አለቁ። መምህሩ ሲሞት የሚሞት ዜማ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ ያን ጊዜ ታየ። ጌራና ራጉኤል የሚባሉት ሊቃውንት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በተድባበ ማርያም የዜማውን ምልክት እንደሠሩ ትውፊቱ ይናገራል። ዛሬ የቤተ ልሔም ተማሪ ከቃሉ በላይ የሚያሰፍረው ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ጭረት ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ይህን የማነሣው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። በዚያ ጦርነት በሁለት ወገን የቆሙት ሰዎች ሀብታቸውን የሚያስቀምጡት በአንድ ዓይነት ዕቃ፣ በሰው አእምሮ፣ ስለነበረ ነው።

ሶማሊኛ የራሱን ፊደል ለማግኘት ብዙ ቆየ። ዑስማን ዩሱፍ ከናዲድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዑስማንያ የተባለውን ፊደል ፈጠረ፤ ሼክ ዓብዱራሕማን ሼክ ኑር በ1933 በቦረማ ሌላ ሠራ። ሃይማኖት ለዐረቡ ፊደል አደላ፤ ክርክሩም ዓመታት ወሰደ። በጥቅምት 1972 እ.ኤ.አ. የሶማሊያ መንግሥት በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ወሰነ። ከ1974 ጀምሮ የከተማ ተማሪዎች ወደ ገጠር ተልከው አርብቶ አደሩን ከዛፍ ጥላ ሥር ፊደል አስቆጠሩት። የኢትዮጵያ ሶማሌ ልጆችም ዛሬ በዚሁ ፊደል ይማራሉ።

የሶማሊኛ ግጥም የሚመዘንበትን ልክ አንድ ሰው በጽሑፍ ያብራራው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ እሱም ገጣሚው መሐመድ ሐሺ ዳማዕ፣ በቅጽል ስሙ ጋርዬ። ሰው ሁሉ በጆሮው የሚያውቀውን በጋዜጣ ላይ ሕጉን አወጣለት። ይኸው ጋርዬ በ1979 ገደማ ጎሰኝነትን የሚነቅፍ ግጥም በ«ድ» ፊደል አሰማ፤ ሐድራዊን ጨምሮ በርካታ ገጣሚዎች በዚያው በ«ድ» መለሱለት፤ ሰንሰለቱም ከፊደሉ ስም ደለይ ተባለ። ፊደል ተገኝቶ፣ ማተሚያ ቤት ቆሞ እያለ፣ ደለይ የተሰራጨው በወረቀት አልነበረም። አንዱ በካሴት ይቀዳዋል፣ ሌላው ከካሴቱ ያባዛዋል፣ በጭነት መኪና ከከተማ ከተማ ይሄዳል። ቴፕ ባለበት ቤት ሰው ተሰብስቦ ያዳምጣል፤ በማግሥቱ ካሴቱ ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ ካዳመጡት አንዱ ግጥሙን ከነገጣሚው ስም ይዞታል።