ታንኳ ውሃ ይገባዋል

ባሕር ዳር ደርሶ ታንኳ ፎቶ ያላነሳ የለም፤ የተሳፈረበት ግን ጥቂት ነው። ታንኳ በጣና ዳር ከሚበቅለው ደንገል ይታሰራል፣ በቀርከሃ ይቀዘፋል፣ ማገዶም ሰውም ያሻግራል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ታንኳን እንደ ድሃ ሰው ጀልባ ይቆጥረዋል። የእንጨት ጀልባ ውሃ እንዳይገባበት ተደርጎ ይሠራል፤ ታንኳ ግን ይህን ሞክሮም አያውቅም። ውሃው በግንዶቹ መካከል ይገባል፣ ይወጣል። የሚያንሳፍፈው ራሱ ደንገሉ ነው፤ የደረቀው ግንድ ውስጡ ስፖንጅ መስሎ አየር ይዟል። ተሳፋሪው እንዳይርስ ከታች ሌላ ደንገል ይነጠፍለታል። አንድ ጎረምሳ እግሩ ሥር ውሃ አይቶ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየቀዳ ሲደፋ አይቻለሁ። «አባባ፣ ውሃ ገባብን እኮ!» ቀዛፊው ሽማግሌ ዞር እንኳ አላሉም፤ «ልጄ፣ ጣናን ቀድተህ ልትጨርስ ነው?»

የታንኳ ጠላት ግን መራስ ነው። ውሃው ቀስ እያለ ግንዱ ውስጥ ሲሰርግ ታንኳው ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ይሞቃል። ለሰነፍ ግን ይህ ብዙ ነው፤ ውሃ ላይ አስሮት ያድርና በሳምንቱ በሰበሰብኝ ይላል። በደንብ የተያዘውም ቢሆን ከወራት አያልፍም።

እኔ ግን ዕድሜው ማጠሩን እወድለታለሁ። የጣና ደሴቶች ገዳማት ሥዕል ለዘመናት ግድግዳው ላይ ቆይቷል፤ ሠሪው ሞቶም ሥዕሉ አለ። ታንኳ ሲበሰብስ ሌላ መታሰር አለበት፤ ሲታሰርም ልጁ ቆሞ የአባቱን እጅ ያያል፦ ደንገሉ እንዴት እንደሚደረደር፣ ገመዱ የት እንደሚጠብቅ፣ አፍንጫው እንዴት ሽቅብ እንደሚቀለበስ። ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ታንኳ ይህን አያስተምርም።

የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ሊሻገር ሲነሳ ደንገሉ የመጣው ከጣና ነው። በ1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ የተነሳችው «ራ» የቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች ያሰሯት ነበረች፤ ኋላዋ ዘቀጠና ባርባዶስ ሳትደርስ ተተወች። በዓመቱ የተነሳችው «ራ 2» ግን በ57 ቀን ተሻገረች፤ እሷን ያሰሩት ከቦሊቪያ የመጡ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ናቸው። ደንገሉ ጥፋት የለበትም፤ ወሳኙ አስተሳሰሩ ነው።

በጣና ይህን የማሰር ሙያ ይዘው የኖሩት በተለይ ወይጦዎች ናቸው፤ ጉማሬ ይበላሉ እየተባሉ የተናቁ ሰዎች። ታንኳውን እያደነቁ ሠሪውን መጸየፍ ለእኔ አይገባኝም።

አሁን የሚያስቸግራቸው ደንገል ማግኘቱ ነው። ዳርቻው እየታረሰ፣ እምቦጭ የተባለው አረምም ከአሥር ዓመት በላይ በሐይቁ ላይ እየተስፋፋ፣ ድሮ ደጃቸው ላይ ያጭዱት የነበረውን አሁን ርቀው ሄደው ያመጡታል። አንዳንዱ የቀረበውን ያልደረሰ ደንገል ያጭዳል፤ ለጋ ግንድ ደግሞ ቶሎ ይርሳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል።