ጉግል ነው ያለው

ወረፋ ይዤ ነበር። ቦታው እሪ በከንቱ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ከተረፉት ቤቶች በአንዱ ውስጥ ያለች ጠባብ ኮፒ ቤት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የሚንኮሻኮሽ ፕሪንተርና ለደንበኛ የተቀመጠች ዱካ አሏት። እኔ የመጣሁት መታወቂያ ኮፒ ላስደርግ ነው። ከፊቴ ዩኒፎርም የለበሰች የ10ኛ ክፍል ተማሪ አሳይመንቷን ታሳትማለች፤ ርዕሱ «የዘመናዊ ሥልጣኔ አጀማመር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን» ይላል። ፕሪንተሩ ሦስተኛውን ገጽ ሲተፋ ዓይኔ አንድ አንቀጽ ላይ አረፈ። ምኒልክ በ1890 ከአሜሪካ ሦስት የኤሌክትሪክ መግደያ ወንበሮች አዘዙ፤ ወንበሮቹ ሲመጡ አገሩ ውስጥ መብራት የለም፤ ስለዚህ ንጉሡ አንዱን ዙፋን አደረጉት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን ማን አለ?»

«ጉግል ነው ያለው፣ ጋሼ።»

አልዋሸችም። በስልኳ ከፍታ አሳየችኝ። አራት ገጾች ያንኑ ታሪክ ይዘዋል፤ ሁለቱ በእንግሊዝኛ፣ ሁለቱ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ወደ አማርኛ የተገለበጡ ናቸው። «አራቱም ይላሉ እኮ» አለችኝ፣ በሙሉ ልብ። ወረቀቶቿን በስቴፕለር አስመትታ፣ ከፍላ ሄደች። ወንበሩ ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

ታሪኩ በእንግሊዝኛ በተጻፉ የ«ይገርማል» መጻሕፍት ሲዞር ኖሮ በኋላ ወደ ድረ ገጾች የገባ ነው። በምኒልክ ዘመን የተጻፈ ማስረጃ የሚጠቅስለት አላገኘሁም። የማይመስል መሆኑን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። በኤሌክትሪክ ወንበር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገደለው በኒውዮርክ ግዛት፣ ኦበርን ወህኒ ቤት፣ እንደ ፈረንጆቹ በነሐሴ 1890 ነው። ያኔ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች አራት ዓመት አልሞላትም። ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር፤ ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በሮበርት ስኪነር የተመራው የመጀመሪያው የአሜሪካ መንግሥት ልዑክ ምኒልክ ፊት የቀረበውም በ1896 ዓ.ም. ነው።

«1890» የሚለው ቁጥር ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ልጅቷ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አልጻፈችም፤ የገለበጠችበት ገጽም አልጻፈም። የእኛ 1890 ከሆነ የዓድዋ ድል ካለፈ በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ጀነሬተር ገብቶለት መብራት በርቷል ተብሎ ይተረካል፤ ታዲያ መብራት የለም ያለው ማን ነው? ይህ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ስንት የተማሪ ጽሑፍ እንዳበላሸ አንድ የታሪክ መምህር ቢጠየቅ ሲያወራ ይመሻል። ማሽን ሲተረጉም ቃሉን ይለውጣል፣ ዓመቱን ግን እንዳለ ያሳልፋል።

እኔን ይበልጥ ያሳቀኝ ግን ቋንቋው ነው። እኛ «አልጋ ወራሽ» እንላለን እንጂ «ወንበር ወራሽ» አንልም። የነገሠ ሰው አልጋ ይይዛል፤ በዘመኑ ሥዕሎችም ምኒልክ ግብር ሲያበሉና እንግዳ ሲቀበሉ ትራስና ምንጣፍ የተደራረበበት ሰፊ አልጋ ላይ ይታያሉ። «ወንበር» በዚያ ዘመን የዳኛ ስም ነበር፤ በአፈ ንጉሡ ሥር የሚያስችሉት ዳኞች «ወንበሮች» ይባላሉ። ታሪኩን የፈጠረው ሰው ንጉሥ ያለ ወንበር አይታየውም፤ እንደ አገሩ አስቦ ነው የጻፈው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። አማርኛ ማወቅ ይበቃል፤ ልጅቷ ደግሞ አማርኛ ከእኔ በላይ ትችላለች።

ወደ ኮፒ ቤቷ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ደጋግሜ። ባለቤቱ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ስሙ እንዳይጻፍ ለመነኝ፣ ወሬ ግን አልነፈገኝም። «ጋሼ፣ እኔ የምሸጠው ወረቀት ነው፤ ውስጡን አላመረትኩም» ብሎ ጀመረ። «ተማሪው መልስ አይፈልግም፣ ገጽ ነው የሚፈልገው። ቲቸር አራት ገጽ ብሏል፤ አራት ገጽ እንሞላለን።» ዴስክቶፑ ላይ «አሳይመንት» የሚል ፎልደር አለ፤ ርዕስ ሲደጋገም የአምናውን አውጥቶ ስም ቀይሮ ይሰጣል። እንዲያፍር ጠብቄ ነበር። አላፈረም።

«የዚህ ሰፈር ልጅ ጫማ ልሽጥልህ ብትለው» አለኝ፣ «ሶሉን ይገለብጣል፣ ያሸታል፣ ከየት አመጣኸው ይልሃል፣ ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቆ ተመልሶ ይመጣል። በጣት ቀለበት ወርቅ ነው ብለህ አትሸውደውም። አራዳ ነዋ! ስልኩን ሲከፍት ግን ምን እንደሚነካው እንጃ፣ ፋራ ይሆናል። ስክሪን ላይ የተጻፈውን የሰፈር ሰው ያወራው ቢሆን በሳቅ ነበር የሚገድለው።»

ካነጋገርኳቸው ሁሉ እንዲህ ጉዳዩን ያስቀመጠልኝ የለም። የሙያው ሰዎች በረዘመ ቋንቋ ያንኑ ነው የሚሉት። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳም ዋይንበርግና ሣራ መግሩ 10 የታሪክ ምሁራን፣ 10 መረጃ አጣሪዎችና 25 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ድረ ገጽ ሲመዝኑ አስተያይተው ነበር። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹ ላይ ተተክለው አምሮ መሠራቱን፣ አርማውንና የምንጭ ዝርዝሩን ያያሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ገና ሳያነቡት ጥለውት ይወጣሉ፤ ስለዚያ ገጽ ሌሎች ምን ይላሉ ብለው በጎን ይጠይቃሉ። ሻጩን ትቶ ጎረቤቱን መጠየቅ ማለት ነው፤ ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቆ መመለስ።

እኛ አገር ይህ ጥንት የችሎት ወግ ነበር። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ «ተጠየቅ» ሲባል፣ ተከራካሪው ሌላውን በጥያቄ ያስጨንቃል፤ ምስክሩም አየሁ ወይስ ሰማሁ እንዳለ ይለያል። የመጽሐፍ መምህሩም አንድ ጥቅስ ላይ «አንድም» እያለ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍቺ ይደረድራል፤ ተማሪው አንዱን ብቻ ይዞ እንዳይሄድ። ነገሥታቱስ ቢሆኑ የባለሟሉን ወሬ ብቻ መች ያምኑ ነበር? «እረኛ ምን አለ?» ይሉ ነበር ይባላል። አራዳ ራሷ የወሬ ገበያ ነበረች፤ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ የሚነገረው፣ በ1890ዎቹ አጋማሽ በግሪካዊው ካቫዲያስ እጅ ተጽፎ በጥቂት ቅጂ የሚወጣው «አእምሮ» ጋዜጣም የሚነበበው ለዚችው ከተማ ነበር።

በዘመናዊው ትምህርት ይህ ወግ የት ገባ? ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ወደ ክፍል የገባው ስክሪን ግን ሌላ ነበር፤ ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃን የወረሰው ፕላዝማ። የዚያ ዘመን ተማሪ የሆነ ሰው ያስታውሰዋል። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ አስተማሪው ጥግ ላይ ይቆማል፣ እጅ ያወጣውን ልጅ ስክሪኑ አያየውም። ስክሪን ይናገራል፣ ተማሪ ይጽፋል። ያ ትውልድ ዛሬ አስተማሪ ሆኗል።

ቀጥሎ የመጣው መዝጋት ነው። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በፌስቡክ ሾልኮ በመውጣቱ ተሰረዘ፤ ድጋሚው ሲሰጥ ማኅበራዊ ገጾች ተዘጉ፤ ከዚያ በኋላም በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት የጠፋበት ዓመት ነበር። አንዴ እውነት የወጣ ፈተና ስላለ ከዚያ በኋላ በቴሌግራም «የዘንድሮው ፈተና» ብሎ የሚሸጥ ሁሉ ገዢ አገኘ። ተማሪው እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበትን መንገድ ያስተማረው የለም፤ ቧንቧውን ነው የዘጉበት።

በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ለማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች የ24 ሰዓት ገደብ ሲሰጥ፣ ለብሮድካስት ባለሥልጣኑና ለሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ ደግሞ ሕዝብን የማስተማር ሥራ ጥሏል። ይህ ማስተማር መማሪያ ክፍል መድረሱን ለማወቅ ወደ አንድ የትምህርት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የተቀበሉኝ ኃላፊ ሻይ አዘዙልኝ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ አንድ ተማሪ ያገኘውን መረጃ መመዘን የሚማረው በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ በስንት ክፍለ ጊዜ ነው? «ሥርዓተ ትምህርቱ አዲስ ነው፣ ሁሉንም አካቷል» አሉኝ። የት? «በደብዳቤ ጠይቁ።» ጠየቅሁ። ደብዳቤው ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል፤ ሦስት ጊዜ ደውዬም ያው ተመርቷል ነው የተባልኩት። ሻዩ ጥሩ ነበር።

የ2016ቱ የ«አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» ሥልጠና ወጣቱን ፕሮግራም መጻፍና ዳታ መተንተን ያስተምራል፤ መልካም ነው፤ «ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ ግን ኮድ አይደለም። እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ ያሉ አጣሪዎችም በየቀኑ ሐሰተኛ ፎቶ ያጋልጣሉ፤ ሥራቸው ግን ከተቀጣጠለ በኋላ እሳት ማጥፋት ነው።

አንድ መምህር አገኘሁ። አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። ትምህርት ቤቱ ስልክ ይከለክላል፣ የኮምፒውተር ክፍሉም ኢንተርኔት የለውም፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፈቃደኛ ልጆችን አራት ኪሎ ወደ አብርሆት ይወስዳል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ታኅሣሥ 2014 ከተከፈተ ወዲህ ለእሪ በከንቱ ልጅ የእግር መንገድ ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው የሰፈራቸው ስም ነበር። እሪ በከንቱ ለምን እንዲህ ተባለ? አንድ ገጽ ከኢንተርኔት፣ አንድ ቃል ከሽማግሌ።

ፍለጋው ራሱ ትምህርት ሆነ። «እሪ በከንቱ» ብሎ የጻፈ አንድ ነገር ያገኛል፣ «ዕሪ በከንቱ» ያለ ሌላ፣ አያይዞ «እሪበከንቱ» ያለ ደግሞ ሌላ። ከፈረንጅ ተማሪ ይልቅ የእኛ ልጅ ሀሌታውን ሐመሩን፣ እሳቱን ንጉሡን እየቀያየረ መፈለግ አለበት። በአማርኛ ዊኪፔዲያ ያለው ጽሑፍ 15 ሺህ ገደማ ነው፤ በእንግሊዝኛ ከስድስት ሚሊዮን ተኩል በላይ። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የድሮ መጻሕፍት ደግሞ አብዛኞቹ በፎቶ የተነሡ ናቸው፤ ውስጣቸው ቃል አይፈለግም፣ ገጽ በገጽ መግለጥ ነው።

ልጆቹ ስምንት ገጽ አመጡ። ሁሉም ያንኑ በሰፊው የሚወራውን ይላሉ፤ ገደል ውስጥ ወንበዴ ያደፍጣል፣ መንገደኛ እሪ ቢል የሚደርስለት የለም። መምህሩ ጎን ለጎን ደርድሮ አሳያቸው፤ ስድስቱ ላይ አንዱ የፊደል ስህተት በአንድ ቦታ ይደገማል። «ስንት ምስክር አለን?» ሲል ጠየቀ። አንዲት ልጅ «ሦስት» አለች፤ «ስድስቱ አንድ ሰው ናቸው።»

ሽማግሌ ማግኘቱ ነው የከበደው። የሰፈሩ አዛውንት አብዛኞቹ ከፈረሳው በኋላ ወደ ከተማዋ ዳር ሄደዋል፤ ልጆቹ በስልክ ነው የጠየቁት። አንዲት አያት ወንበዴ ሳይሆን ጅብ ነው አሉ። ሌላዋ ጥያቄውን ትተው የድሮ ጎረቤቶቻቸውን ስም በየበሩ ይቆጥሩ ጀመር፤ ልጁ ቀርጾታል፣ 22 ደቂቃ ነው። መምህሩ የትኛው ትክክል እንደሆነ አልነገራቸውም። ቡድኑ አሁን ሰባት ልጆች ቀርተውታል፤ የፈተና ዓመት የደረሱትን ወላጆቻቸው ከልክለዋቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ኮፒ ቤቷ ጎራ አልኩ። ልጅቷ ከአሥር ዘጠኝ አምጥታለች፤ ወንበሩን የነካው ቀይ እስክሪብቶ የለም። ባለቤቱ ግን ነገሬን ሰምቶ ፎልደሩ ውስጥ ፋይሉን ሁለት አድርጎታል። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ያንኑ ርዕስ ይዞ ሲገባ ከስክሪኑ ቀና አለና ጠየቀው።

«ከነወንበሩ ነው ያለ ወንበሩ?»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ያለ ወንበሩ ስንት ገጽ ይሆናል?»

«ሦስት ተኩል።»

«ከነወንበሩ አድርግልኝ።»