የዐሥራ አንድ ሜትር ጭንቀት

የኳስ ተጫዋች በሜዳ ላይ ብርቱ፣ በገንዘብ ባለጸጋ፣ በስምም የታወቀ ሆኖ ስናየው ፍርሀት የሚባለው ነገር ወደ እርሱ የሚቀርብ አይመስለንም። ልጆቻችንም ሥዕሉን በግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ስሙ የተጻፈበትን ማልያ ለብሰው ሲመለከቱት የሚያስቡት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጨዋታው በመቶ ሃያ ደቂቃ እኩል አልቆ አሸናፊው በመለያ ምት ይታወቅ በተባለ ጊዜ፣ ያ ብርቱ ሰው ከሜዳው መካከል ተነሥቶ አርባ ሜትር ያህል ብቻውን ይራመዳል። በዚያች አጭር መንገድ ላይ በልቡ የሚመላለሰውን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን ነው። ይህን የመረጥነውም የእንግሊዝ ኳስ በአገራችን በብዙ ቤት እንደ ራስ ጉዳይ ስለሚታይ ብቻ አይደለም። አንድ ቡድን ፍርሀቱን ለረጅም ዘመን ሸሽጎ ኖሮ፣ ኋላ ግን ስለ እርሱ በግልጽ መነጋገር ሲጀምር ምን እንደ ሆነ በዚህ ቡድን ታሪክ ለመከታተል ስለሚቻል ነው። ዘመኑን የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ሰኔ 19 ቀን 1988 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፣ በዌምብሊ ሜዳ፣ እንግሊዝና ጀርመን ለአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተጋጥመው አንድ ለአንድ ወጡ። በመለያ ምቱም ከየወገኑ አምስት አምስት ተጫዋቾች መትተው ዐሥሩም አገቡ። ስድስተኛ ሆኖ የወጣው የእንግሊዝ ተጫዋች ጋሬዝ ሳውዝጌት የሚባል የ25 ዓመት ተከላካይ ነበር። ይህ ሰው ከዚያ ቀን በፊት በጨዋታ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት የመታው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ስቶታል። ኳሱን ለስለስ አድርጎ መታው፤ የጀርመኑ በረኛ አንድሬያስ ኮፕከ አዳነው። ቀጥሎም ሞለር ለጀርመን አገባና የእንግሊዝ ተስፋ በዚያው ተቈረጠ። የገዛ እናቱ እንኳ ኋላ ለምን ጠንክሮ እንዳልመታው ጠየቁት ይባላል። የእናት ነገር ነውና በክፋት የተናገሩት አይደለም። ነገር ግን በዚያች ሌሊት በመላው አገር ሲጠየቅ ያደረው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ለመመለስ ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም።

የግቡ ስፋት ሰባት ሜትር ከሠላሳ ሁለት ሳንቲሜትር ነው፤ ኳሱ የሚቀመጠው በዐሥራ አንድ ሜትር ርቀት ነው። በልምምድ ቀን ይህን መሳት ለባለሙያ ተጫዋች የሚያሳፍር ነው። የሚለወጠው ርቀቱ ሳይሆን ሰውዬው ነው። ሰው ብርቱ ጭንቀት ሲይዘው ልቡ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጡንቻው ይጠነክራል፣ አሳቡም ከሥራው ወጥቶ ወደ ራሱ ይመለሳል። እግሩ ሺህ ጊዜ ያለ ትእዛዝ የሠራውን ሥራ አሁን እየመረመረ ሊያዝዘው ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የለመደው ነገር ይጠፋዋል። ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ዳዊቱን እንደ ውኃ የሚያወርደው የቈሎ ተማሪ፣ በየኔታ ፊት በቀረበ ጊዜ ቃሉ ከአፉ የሚሰወረው ስለ ምን እንደ ሆነ በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርቱ ከልጁ ውስጥ አልወጣም፤ ፍርሀት በሩ ላይ ቆሞበት ነው እንጂ።

ጌይር ዮርዴት የተባለ የኖርዌይ የስፖርት ሥነ ልቡና ሊቅ የታላላቅ ውድድሮችን ፊልም እየመለሰ በመመልከት ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት መርምሯል። ያገኘውም የሚያስደንቅ ነው። አንድ ተጫዋች ካገባ ቡድኑ ወዲያው የሚያሸንፍ በሚሆንበት ጊዜ አብዛኛውን ያገባል። ከሳተ ቡድኑ ወዲያው የሚሸነፍ በሚሆንበት ጊዜ ግን የሚያገባው ቍጥር እጅግ ይወርዳል። ኳሱም ርቀቱም አንድ ናቸው፤ የተለየው በሰውዬው ትከሻ ላይ ያለው ሸክም ነው። ደግሞም ታላቅ ሽልማት አግኝተው ስማቸው የገነነ ተጫዋቾች፣ ገና ወደ ክብር ካልደረሱት ይልቅ ሲስቱ ተገኙ። ሕዝብ ብዙ የሚጠብቅበት ሰው የሚሸከመውም ብዙ ነውና። ጭንቀት የያዘው ሰው ጀርባውን ለበረኛው ይሰጣል፤ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋም ጊዜ ሳይወስድ ይሮጣል፤ ማግባቱን ሳይሆን ከዚያ ቦታ መገላገሉን ይሻልና። በዚህ ችኰላ ከሁሉ ፊት ከነበሩት አንዶቹ እንግሊዞች ነበሩ። ከ1982 እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ በዓለምና በአውሮፓ ዋንጫዎች ሰባት ጊዜ ለመለያ ምት ቀርበው ያሸነፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከየሽንፈቱም በኋላ ዕጣ ነው፣ ዕድል ነው ይባል ነበር። ይህ አነጋገር ያጽናናል፤ ነገር ግን መድኃኒት ፍለጋውን ያስቀራል።

በ2009 ዓ.ም. የዚያን ቡድን አሠልጣኝነት የተረከበው ያው ሳውዝጌት ነው። ፒፓ ግሬንጅ የምትባል የሥነ ልቡና ባለሙያም ከቡድኑ ጋር እንድትሠራ ተደረገ። ተጫዋቾቹ በትንንሽ ክበብ ተቀምጠው የሕይወታቸውን ታሪክና የሚያስጨንቃቸውን ነገር እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ይደረግ ነበር። የፍጹም ቅጣት ምት ልምምድም እንደ ማንኛውም ትምህርት በሥርዐት ተያዘ፤ በተለይም ሳይቸኵሉ ትንፋሽ ወስደው እንዲመቱ ተማሩ። ሰኔ 26 ቀን 2010 ዓ.ም. በሞስኮ ከኮሎምቢያ ጋር ለመለያ ምት ሲደርሱ ሄንደርሰን ሳተ፤ ቢሆንም ቡድኑ አልተሸበረም፤ 4 ለ 3 አሸነፉ። በዓለም ዋንጫ በመለያ ምት ማሸነፋቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሕዝቡ ሲጨፍር ሳውዝጌት ወደ ኮሎምቢያዊው ማቴዎስ ኡሪቤ ሄደ፤ እርሱ ኳሱን ከአግዳሚው ጋር አላግቶ የሳተ ተጫዋች ነበር። አቅፎም አጽናናው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የሆነውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ነበረ መናገር አያሻም።

ሆኖም ነገሩ በዚህ አልተፈጸመም። ሐምሌ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚያው በዌምብሊ ከኢጣልያ ጋር ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱና እንደገና መለያ ምት መጣ። ሳውዝጌት ራሽፎርድንና ሳንቾን ለዚሁ ሲል በመጨረሻው ደቂቃ አስገባቸው፤ ሁለቱም ሳቱ። አምስተኛውንና የመጨረሻውን ምት ለቡካዮ ሳካ ሰጠው። ሳካ ያን ጊዜ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ በታላላቆች ጨዋታም ፍጹም ቅጣት ምት መትቶ አያውቅም። የአንድን አገር የአምሳ አምስት ዓመት ናፍቆት በዚያ ልጅ ትከሻ ላይ መጫን ተገቢ ነበር ለማለት ለእኛ ይከብደናል። የኢጣልያው በረኛ ዶናሩማ ኳሱን መለሰው፤ ልጁም አለቀሰ። መራጩ እኔ ነኝ፣ ኀላፊነቱም የእኔ ነው ብሎ አሠልጣኙ ወዲያው በሕዝብ ፊት ተናገረ፤ በእርሱ ወጣትነት ጊዜ የጐደለው ይህ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ግን ከሽንፈቱ የባሰ ነው። ሦስቱ ወጣቶች ጥቍሮች በመሆናቸው በመልካቸው ይሰድቧቸው ጀመር። ሳካም ኳሱ በተመለሰባት ቅጽበት እንዲህ ያለ ስድብ እንደሚደርስበት ዐውቆ እንደ ነበር ከጥቂት ቀን በኋላ ጽፏል። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ልጁ የፈራው መሳትን ብቻ አልነበረም ማለት ነው። በማንቸስተር በግድግዳ ላይ ተሥሎ የነበረው የራሽፎርድ ሥዕል በስድብ ተበላሸ፤ በማግስቱ ግን ሕፃናትና ሽማግሌዎች በልባቸው ቅርጽ በቈረጡት ወረቀትና በደብዳቤ ሸፈኑት። የሳካ ክለብ አርሴናልም ከሕዝብ የተላከለትን ደብዳቤ በአንድ ግድግዳ ላይ ለጥፎ አሳየው። በነሐሴ ወር ወደ ባላንጣው ወደ ቶተንሃም ሜዳ ሲገባ የቶተንሃም ደጋፊዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡለት። ሳካ ሁልጊዜ ማታ መጽሐፍ ቅዱስ አንብቦ እንደሚተኛ በአደባባይ የተናገረ ወጣት ነው፤ ከዚያ ጥልቅ ኀዘን የወጣው ግን ሰው ሳይኖር በራሱ ብቻ አልነበረም። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ለአርሴናል በቼልሲ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት መትቶ አገባ።

በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ሳለን ምት የሳተውን ተጫዋች ስም እየጠራን የምንናገረውን ልጆቻችን ይሰሙታል። በማግስቱ ፈተና የሚቀመጠው ልጅ፣ እኔም ብወድቅ የምባለው ይህ ነው ብሎ በዝምታ ይመዘግበዋል። ስለ ተጫዋቹ የተናገርነው ለእርሱ አይደርሰውም፤ ለልጁ ግን ደርሷል።

ሰኔ 29 ቀን 2016 ዓ.ም. በጀርመን አገር በዱሰልዶርፍ እንግሊዝ ከስዊስ ጋር ስትጫወት በሰማንያኛው ደቂቃ ቡድኑን ከመውደቅ ያዳነች ግብ ያገባው ሳካ ነበር። መለያ ምትም በመጣ ጊዜ አሁን የነበረው ሥርዐት ሌላ ነው፤ መትቶ የሚመለሰውን ተጫዋች፣ ያግባም ይሳትም፣ ብቻውን እንዳይመለስ አስቀድሞ የተመደበ ጓደኛ ወጥቶ ይቀበለዋል። ሳካ ሦስተኛ ሆኖ ወጣና አገባ። አምስቱም አገቡ፤ እንግሊዝም 5 ለ 3 አሸነፈች። በስምንተኛው ቀን በበርሊን በተደረገው ፍጻሜ ስፔን 2 ለ 1 ረታቻቸው፤ ሳውዝጌትም በሁለተኛው ቀን ሥራውን ለቀቀ። 102 ጨዋታ መርቶ ዋንጫ አላነሣም። በእርሱ ዘመን ቡድኑ ለመለያ ምት አራት ጊዜ ቀርቦ ሦስቱን አሸንፏል።