ከሆጻአ ላፖዓል የመጣ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም

በእኛ ባህል ዕዳ ያሳፍራል። ስለዚህ ብዙ አባቶችና እናቶች በዕብራይስጥ የተጻፈ የዕዳ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ለልጆቻቸው ማሳየት ይከብዳቸዋል። መሳቢያ ውስጥ ይከቱትና ዝም ይላሉ። ሕጉ ግን ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ቀን ይቆጥራል። ከፖስታ ቤት አለማውጣትም ሁልጊዜ አያድንም፤ ደብዳቤው እንደ ደረሰ ሊቆጠር ይችላል።

ከሆጻአ ላፖዓል የሚመጣው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ «አዝሃራ» ይባላል። አዝሃራ መጣ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። መጀመሪያ መታየት ያለበት ዕዳው በምን መንገድ እንደመጣ ነው፤ የምትሄዱበት በር በዚያ ይለያያልና።

አንደኛው፣ ገና ፍርድ ያልተሰጠበት ዕዳ ነው። እስከ 75,000 ሼቄል ለሚደርስ፣ በጽሑፍ ማስረጃ ላለው ዕዳ፣ ጠያቂው ፍርድ ቤት ሳይሄድ በቀጥታ ሆጻአ ላፖዓል ቲክ መክፈት ይችላል። «ይህ ዕዳ የእኔ አይደለም»፣ «ሒሳቡ ልክ አይደለም» የሚል ሰው አዝሃራው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ «ሂትናግዱት» (ተቃውሞ) ከቃለ መሐላ ጋር ያስገባል። ያን ጊዜ ማስፈጸሙ ይቆምና ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዕዳው በቼክ ከሆነ ሥርዓቱ የተለየ ስለሆነ አዝሃራው ላይ የተጻፈውን ቀን አስነብቡ።

ሁለተኛው፣ እናንተ ሳትቀርቡ የተፈረደ ፍርድ ነው። ይህ የሚሰረዘው በሆጻአ ላፖዓል አይደለም፤ ማመልከቻው ለፈረደው ፍርድ ቤት ነው የሚቀርበው፣ ፍርዱ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ። ዳኛው ሁለት ነገር ያያል፦ ለምን አልቀረባችሁም? ብትቀርቡስ የምትሉት ነገር አላችሁ ወይ? የክስ ወረቀቱ በሥርዓቱ ያልደረሳችሁ ከሆነ ደግሞ ፍርዱን ለማሰረዝ ትልቅ ምክንያት ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ማመልከቻ ስለገባ ብቻ ዒኩሉ አይቆምም። «ዒኩቭ ሃሊኪም»፣ ማለትም ማስፈጸሙ እንዲታገድ፣ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው፣ የተከፈለ ዕዳ ነው። ከፍላችሁ ሳለ አሁንም የሚጠይቋችሁ ከሆነ «ታዓናት ፓራቲ» (ከፍያለሁ) የሚል አቤቱታ ደረሰኝ ተያይዞ ለሆጻአ ላፖዓል ረሻም ይቀርባል። ለዚህ ነው ደረሰኝ የማይጣለው!

ደሞዝስ? አሠሪ ሁሉንም ቆርጦ መስጠት አይችልም። በ1958 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የደሞዝ ጥበቃ ሕግ፣ እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ በሀቭታሃት ሃህናሳ ልክ የሆነ ገንዘብ እንዳይነካ ያዛል። ያ መጠን ከደሞዙ 80 በመቶ ከበለጠ ግን የሚጠበቀው 80 በመቶው ነው። ለምሳሌ ከግዴታ ተቀናሾች በኋላ 3,000 ሼቄል የሚቀራትና 80 በመቶው የሚጠበቅላት የጽዳት ሠራተኛ፣ 2,400ው አይነካም፤ ሊወሰድ የሚችለው 600 ብቻ ነው። ለልጆች ቀለብ (መዞኖት) ግን ሕጉ የተለየ ነው።

ከቢቱዋህ ሌኡሚ የሚመጣ ገንዘብ፣ ዚክና ጭምር፣ በተራ ዕዳ አይያዝም። ለመዞኖትና ለራሱ ለቢቱዋህ ሌኡሚ ዕዳ ብቻ ልዩነት አለ። ባንክ ቤት ሒሳቡ ከተያዘ ገንዘቡ ከየት እንደገባ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ይዞ ሳይዘገዩ ለረሻሙ ማመልከት ነው።

እንግዲህ ደብዳቤ ሲመጣ የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉ፣ ፖስታውንም አትጣሉ። በደንብ ሳይተረጎምላችሁ የክፍያ ስምምነት አትፈርሙ፤ ፊርማው ዕዳውን እንዳመናችሁ ሊያስቆጥር ይችላል። ጠበቃ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው የፍትሕ ሚኒስቴር «ሲዩዓ ሚሽፓቲ» ጋ ሄዶ መብት እንዳለው ይጠይቅ። በየከተማው ያለው «ሺል» ደግሞ በነፃ ያማክራል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የምትሉን እናንተ ናችሁ። ዕብራይስጡን እኛ ልጆቻችሁ እናነባለን። ደብዳቤውን አሳዩን፤ ቀኑ ሳያልፍ።