የካራቆሬ ቆላና የጨዋታ ከባድነት

ገበጣ የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ተጫዋቾች ጠጠር ከማንሣታቸው በፊት በሕጉ ይስማማሉ። የጉድጓዱ ብዛት፣ የጠጠሩ ቁጥርና የአበላሉ ሥርዓት ከአገር አገር ይለያያልና። የዛሬ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠሪዎች በተጫዋቹ ምርጫ የሚወሰን ከባድነት የሚሉትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ተጫዋቹ ገና ሳይጀምር ብርዱን፣ ረኃቡንና የአውሬውን ብዛት እንደ ፈቃዱ ይመጥናል።

ለምሳሌ የካናዳው ሂንተርላንድ የሠራውን «ዘ ሎንግ ዳርክ» እንውሰድ። በዚህ ጨዋታ ሰው ብቻውን በበረዶ ምድር ይቀራል። «ኢንተርሎፐር» በተባለው ደረጃ ብርዱ ይበረታል፤ ዕቃው ይመነምናል፤ ጠመንጃ ከቶ አይገኝም። እንግዲህ ማክበድ ማለት ተኩላውን ማጠንከር ብቻ ሳይሆን የሚጐድለውን ነገር መምረጥም ነው።

ይህን የመሰለ ጨዋታ ወደ ይፋት ቆላ ብናወርደውስ ብለን፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ካራቆሬ ያለውን አገር በወረቀት ላይ ነድፈን ነበር። የመጀመሪያው ምጣኔ ሙቀት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማ በር ተነሥቶ የሚወርድ ሰው፣ ጠዋት የሚያሞቀው ጋቢ ቀትር ላይ ሸክም ይሆንበታል። ሁለተኛው ውሃ ነው፤ በበጋ ወንዙ ይሳሳል፤ የተገኘውንም ለማፍላት እንጨት ይፈጃል። ሦስተኛው ወባ ነው። ንክሻው ዛሬ ሆኖ ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ ስለሚመጣ፣ ተጫዋቹ ምክንያቱን እንዳይስተው የትንኟን ድምፅ በሌሊት ማሰማት ያስፈልጋል።

ክርክር ያስነሣብን አራተኛው ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ፤ በካራቆሬም ቤቶችን ጣለ፤ የአስመራን አውራ ጎዳና ሰነጠቀ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ፣ «ይህ ካልገባ አገሩ ካራቆሬ አይደለም» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ «ብልኀት የማይረዳበት ሞት ዕጣ እንጂ ጨዋታ አይሆንም» ሲሉ ተቃወሙ።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ከባድ የድንጋይ ግድግዳ ሲናድ ይገድላል፤ የእንጨትና የሣር ጎጆ ግን ጉዳቱ ያንሳል። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚያድርበትን ቤት ራሱ ይምረጥ፤ ከትልቁ ነውጥ በኋላም ሌሎች እንደሚከተሉ አስቀድሞ ይነገረው። የሞተ ተጫዋች «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» ለማለት ከቻለ ደረጃው ከባድ ነው፤ ካልቻለ ግን ግፍ ነው።

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር አልዘነጋንም። እኛ ሙቀቱንና ወባውን በጣታችን ከፍና ዝቅ ስናደርግ፣ የቆላው ገበሬ እንዲህ ያለ ምርጫ አልተሰጠውም። ስለዚህ በዚያ አገር ያደጋችሁ ጓደኞቻችን ንድፋችንን ተመልክታችሁ ስሕተታችንን እንድታርሙልን እንለምናለን።